ዕዳ ከአቅም ሲያልፍ፦ መክሰርን ስለ ማሳወቅ
በጉዱማሌ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ይህ ንግግር በአዳራሽ እንዲቀርብ ታስቦ ነበር። ወደ ጉዱማሌ እንዲዛወር የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሕጋችን ስለ ዕዳ የሚናገረው በችሎት ነው፤ ሕዝቡ ስለ ዕዳ የሚነጋገረው ግን እንዲህ እንደዚህ ባለ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ፊቼ ጨምበላላ በሚከበርበት በዚህ ሜዳ፣ የሲዳማ አባቶች ሕዝቡን ሥራ እንዲወድ፣ በሐሰት እንዳይመሰክር፣ ሀላሌን ማለትም እውነትን እንዲይዝ ይመክራሉ። የዛሬው ርእሴም በመሠረቱ እውነትን ስለ መናገር ነው፤ «የለኝም፣ መክፈል አልቻልኩም» የሚለውን እውነት።

በነጻ የሕግ ምክር አገልግሎት በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ጥያቄ በልዩ ልዩ አንደበት ቀርቦልኛል፤ «መክሰሬን ባሳውቅ ይሻለኝ ይሆን?» የሚል። ዛሬ ከጠየቁኝ መካከል የሁለቱን ነገር አነሣለሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝራቸውን ቀይሬዋለሁ፤ የዕዳቸውን አሠራር ግን አልነካሁትም። አንደኛው በዚሁ በሐዋሳ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሁለተኛዋ በግል ትምህርት ቤት የምታስተምር መምህርት ናት። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ መጡ፤ ያመጡት ጥያቄ በቃል አንድ ነበር፤ የሕጉ መልስ ግን ሰማይና ምድር ነው።

ከመልሱ በፊት ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። አያቶቻችን ለዚህ ነገር ቁራኛ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። ባለዕዳውና ባለገንዘቡ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይቆራኙና ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ወደ ሀገራችን የመጡ መንገደኞች በመገረም ጽፈውታል። እኛ ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» ስንል የዚያ ሰንሰለት ትዝታ በቋንቋችን ውስጥ መቅረቱን ብዙም ልብ አንለውም። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ነበረው። ያበደረውም ሰው እርሻውን ትቶ፣ ገበያውን ዘግቶ፣ ከባለዕዳው ጋር መታሰር ነበረበት። የማይከፈልን ዕዳ ለመጠየቅ ዋጋ ይከፍል ነበር ማለት ነው። ስለዚህም መታረቅ ለሁለቱም ይበጅ ነበር። የዘመኑ ሕግ የባለገንዘቡን ጫፍ ፈትቶ የባለዕዳውን ትቶታል እስከ ማለት ባልደርስም፣ አንዳንድ ጊዜ ወደዚያ የሚጠጋ ነገር አያለሁ።

እስራቱ በእኛ ዘንድ ብቻ የነበረ እንዳይመስለን። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1824፣ አባቱ በዕዳ ምክንያት በለንደን ማርሻልሲ በተባለው ወኅኒ ታስረዋል። እንግሊዝ የዕዳን እስር በአብዛኛው ያስቀረችው በ1869 ባወጣችው ሕግ ነው። በሌላ በኩል ኦሪት ዘዳግም በየሰባት ዓመቱ ዕዳ እንዲተው ያዝዛል፤ ቁርኣንም የተቸገረ ባለዕዳ ፋታ እንዲያገኝ ያዝዛል፣ ዘካት ከሚሰጣቸው ወገኖችም መካከል ባለዕዳዎችን ይቈጥራል። ዕዳን ይቅር የማለት ሐሳብ ከምዕራብ በቅርቡ የመጣ ፋሽን አይደለም ለማለት ያህል ነው።

በሀገራችን ስለ ኪሳራ የተጻፈ ዘመናዊ ሕግ የወጣው በ1925 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአምስተኛው መጽሐፉ ኪሳራንና የመጠበቂያ ስምምነትን በሰፊው ደነገገ። ረቂቁን የጀመሩት ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ሲያርፉ ሥራውን የፈጸሙት ሌላው ፈረንሳዊ አልፍሬድ ዦፍሬ ነበሩ፤ ስለዚህም የፈረንሳይ አሻራ በግልጽ ይታይበታል። ከነዚህ አሻራዎች ዋነኛው ኪሳራን የነጋዴ ጉዳይ ብቻ ማድረጉ ነው። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ብዙ ነገር አሻሽሏል፤ ከመፍረስ በፊት ድርጅትን ለማዳን ዕድል ይሰጣል፣ መልሶ የማደራጀት ሥርዓት ዘርግቷል። ሆኖም ሕጉ ያው የንግድ ሕግ ነው። በሩ ላይ የቆመው ጥያቄ አልተለወጠም፤ «ነጋዴ ነህን?»

ይህን ለመምህርቷ ስነግራት የመለሰችልኝን አልረሳውም። «ታዲያ እኔ መክሰር እንኳ አይፈቀድልኝም ማለት ነው?» አለችኝ። አልፈቅድም ያላት የለም፤ ሕጉ ከነጭራሹ አላሰባትም። አስተማሪ፣ ነርስ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ጡረተኛ፣ እነዚህ ሁሉ ዕዳ ሊኖርባቸው ይችላል፤ መክሰር ግን በሕግ ዓይን አይችሉም። የ1952ቱ ሕግ ገበሬውንና የእጅ ባለሙያውንም ከነጋዴ ተርታ ውጭ አድርጓቸው ነበር። የነጋዴውን ዕዳ አንድ ፍርድ ቤት፣ አንድ የንብረት ጠባቂ፣ አንድ የባለገንዘቦች ጉባኤ ይሰበስበዋል። የመምህርቷ ዕዳ ግን እንደ ተበታተነ ይኖራል፤ ቀድሞ የከሰሰ ቀድሞ ይወስዳል።

የመምህርቷ ዕዳ በራስዋ የመጣ አልነበረም። «ዕዳ ከሜዳ» የሚባለው ነው። ታናሽ ወንድሟ ለንግድ ሲበደር በዋስነት ፈርማለት ነበር። ወንድሙ ስልኩን ዘግቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። የዋስትና ውሉን አነበብሁት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና በግልጽ እንዲደረግ፣ ዋሱም የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን እንዲጻፍ ያዝዛል፤ መጠኑ ካልተጻፈ ውሉ ዋጋ የለውም። ስንቱን ሰው ያዳነ ቁጥር ነው! በእርሷ ውል ላይ ግን መጠኑ በአኃዝም በፊደልም ተጽፏል። ከበታቹም «በአንድነትና በነጠላ» የሚሉ ቃላት አሉ። ይህን ሐረግ ተማሪዎቼ በፈተና ላይ በቃላቸው ይጽፉታል፤ በሕይወት ውስጥ ትርጉሙ ግን አበዳሪው ወንድምየውን ሳይፈልግ በቀጥታ ወደ እኅትየው ሊሄድ ይችላል ማለት ነው።

ከዚያ ሌላ በር ፈለግሁ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ከ500 ብር በላይ ለሆነ ዕዳ ዋስ መሆን የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በየትኛው መዳኘት እንዳለባት መለየት ያስፈልግ ነበር፤ ነገር ግን በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ያልፈቀደው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ የሚችለው ነገሩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ያም ሆነ ይህ ውሉ በተደረገ ከ2 ዓመት ሳያልፍ ነው። ባለቤቷ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋት። አያውቁም። ከተፈረመ ስንት ጊዜው ነው? ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ለምን ሳይነገራቸው ቀረ? ዝም አለች። ወንድሟን ከባሏ ፊት ላለማሳነስ የጠበቀችው ምስጢር፣ ሕጉ ለቤቷ የከፈተውን ብቸኛ በር በራሱ ጊዜ ዘጋባት።

የቀረላት እንግዲህ የመከላከያ ሕግ ነው እንጂ የመፈታት ሕግ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከሲሶው እንዳይበልጥ ይከለክላል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ልብስን፣ መኝታን፣ የማብሰያ ዕቃን፣ ለእንጀራ የሚያስፈልግ የሥራ መሣሪያን ከመያዝ ይጠብቃል። ሰው ባዶ መሬት ላይ እንዳይቀር የሚያደርግ ወለል ነው። ከወለሉ ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል ግን የለም። ደመወዟ ሲሶው እየተቆረጠ፣ ወለዱም በበኩሉ እያደገ፣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አብረን አሰላን። ውጤቱን እዚህ አልናገረውም፤ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትመረቅበትን ዓመት ያልፋል ብል ይበቃል።

ትታሰር ይሆን የሚለውም ስጋት ነበራት። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ፍርድ የተፈረደበት ሰው አቅም እያለው አልከፍልም ካለ እንዲታሰር የሚፈቅድ ድንጋጌ አለው። ሆኖም ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. ያጸደቀችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በ11ኛው አንቀጹ፣ የውል ግዴታውን ለመፈጸም ባለመቻሉ ብቻ ማንም እንዳይታሰር ይደነግጋል፤ የጸደቁ ስምምነቶች ደግሞ በሕገ መንግሥታችን መሠረት የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ልዩነቱ «አልችልም» እና «አልፈልግም» በሚሉት ቃላት መካከል ነው። አለመቻሏን ማስረዳት እስከቻለች ድረስ እስር አያሰጋትም አልኋት። ትንሽ ተንፈስ ስትል አየሁ።

አሁን ወደ ነጋዴው ልሻገር፤ እርሱ በሩን ሊያንኳኳ የሚችል ሰው ነውና።

ነጋዴው ሰነፍ አልነበረም። ዕቃ ከአዲስ አበባ አስመጪዎች በዱቤ ያመጣል፣ እዚህ ለሥራ ተቋራጮች በዱቤ ይሸጣል። ሁለት ዱቤዎች መካከል የቆመ ሰው ነበር፤ መካከለኛ ነጋዴ ሁሉ እንዲሁ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የንግድ ባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲገድብ፣ የለመደው የባንክ ብድር ሳይታደስ ቀረ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ዕቃው በአዲሱ ዋጋ መተካት ነበረበት፤ ተቋራጮቹ ግን ያለባቸውን የሚከፍሉት፣ ከከፈሉ፣ በአሮጌው ዋጋ ነበር። መጋዘኑን አንዴ ሸጦ በገንዘቡ ግማሹን እንኳ መሙላት አቃተው። በዚያን ጊዜ ወደ እኔ ቢመጣ ኖሮ ንግግሬ ሌላ ይሆን ነበር። የመጣው ከዓመት በኋላ ነው፤ በመካከሉ አራጣ ገብቶ ነበር።

ስለ አራጣ አንድ ቀላል ስሌት ላቅርብ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የገንዘብ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳያልፍ ይወስናል፤ የወንጀል ሕጉም አራጣን ይቀጣል። ባንኮች በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ ወደዚህ ስሌት አይገቡም። አንድ ሰው በወር 10 በመቶ ቢበደር፣ ወለዱ ባይደራረብ እንኳ በዓመት 120 በመቶ ይሆናል፤ ሕጉ ከፈቀደው አሥር እጥፍ። ይህን ወለድ ሊሸከም የሚችል ትርፍ በሕንፃ መሣሪያ ንግድ ውስጥ የለም። እንግዲህ የባንኩን ለመክፈል ከአራጣ አበዳሪ የተበደረ ነጋዴ፣ ምንም ቢሠራ፣ ያን ዕለት ከስሯል። የቀረው ነገሩ መቼ እንደሚታወቅ ብቻ ነው። ለመክሰር ውሳኔ ትክክለኛው ጊዜ መቼ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መልሴ ያ ብድር ከመወሰዱ በፊት ያለችው ሌሊት ናት። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ሰውየው ለባለገንዘቦቹ የሚያካፍለው ነገር አለው። ከዚያ በኋላ የሚያካፍለው የሰዎቹን ገንዘብ ነው።

ከአራጣው ጋር ቼክ መጣ። በገበያችን ቼክ የክፍያ ሰነድ መሆኑ ቀርቶ የመያዣ ሰነድ ሆኗል። ቀኑ ወደፊት ተገፍቶ ይጻፋል፣ ወይም ባዶ ይተዋል፣ አበዳሪው ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ሕጉ ቼክ ሲቀርብ ወዲያውኑ የሚከፈል ነው ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 እያወቀ ስንቅ የሌለው ቼክ ያወጣን ሰው በቀላል እስራት፣ እንደ ነገሩ ክብደትም እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በመቀጮ ይቀጣል። ውጤቱን ተመልከቱ። ነጋዴው ሃያ ባለገንዘብ ቢኖሩትና ሦስቱ ቼክ ቢይዙ፣ የተገኘችው ብር ሁሉ ወደ ሦስቱ ትሄዳለች። ተገቢ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያስፈሩት እነርሱ ስለሆኑ ነው። አሥራ ሰባቱ፣ ከነርሱም መካከል በቃል ብቻ ያበደሩ ዘመዶች፣ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። በመጽሐፉ ላይ የባለገንዘቦች እኩልነት የሚባለው የኪሳራ ሕግ ምሰሶ በገበያው ውስጥ የሚፈርሰው እንዲህ ነው። የእኛ ነጋዴ በተግባር የሚያውቀው የኪሳራ ሕግ የንግድ ሕጉ መጽሐፍ ሳይሆን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ነው እላለሁ፤ ባልደረቦቼ አጋነንህ ይሉኝ ይሆናል።

መክሰርን ማሳወቅ ይህን ሩጫ ለማስቆም የተፈለሰፈ ነው። ፍርድ ቤት መክሰሩን ሲወስን ባለዕዳው ንብረቱን ማስተዳደር ያቆማል፣ የንብረት ጠባቂ ይሾማል፣ ባለገንዘቦች በየፊናቸው መክሰሳቸውን ትተው በአንድ መዝገብ ይሰበሰባሉ። መክፈል ካቆመ በኋላ ለአንዱ ብቻ አድልቶ የከፈለውም ሊመለስ ይችላል። ታዲያ ለምን ብዙ ሰው አይጠቀምበትም? በጋዜጣ የምንሰማው እንደ መኪና መገጣጠሚያው ሆላንድ ካር ያለ የታወቀ ኩባንያ ሲከስር ነው፤ ተራው ነጋዴ ግን ወደ ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ይጠፋል። ስልክ ይዘጋል፣ ሱቅ ሌሊት ይጫናል፣ ቤተሰብ ወደ ገጠር ይላካል። ከጠፋ ሰው ንብረት ባለገንዘቡ የሚያገኘው የለም፤ የጠፋውም ሰው ተመልሶ ንግድ ፈቃድ አያወጣም። ሁሉም የሚከስርበት መንገድ ሆኖ ሳለ የተለመደው እርሱ ነው።

ምክንያቱ እፍረት ነው ይባላል፤ እውነትም አለበት። ነገር ግን እፍረት ብቻ አይመስለኝም። አንደኛ፣ የተሻለው ንብረት አስቀድሞ ከሥርዓቱ ውጭ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ዕዳው ሳይከፈለው ሲቀር የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ቤቱና መጋዘኑ በዚህ መንገድ ከሄዱ በኋላ ለሌሎቹ የሚቀረው መደርደሪያና ሚዛን ነው። ሁለተኛ፣ የነጋዴው መክሰር ዋሶቹን ነጻ አያወጣም፤ እንዲያውም አበዳሪው ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ እነርሱ ያዞራል። ሰውየው «ከሰርኩ» ሲል አማቹን አሳልፎ እየሰጠ መሆኑን ያውቃል። ሦስተኛውን ስናገር አንዳንዶቻችሁ ትስቃላችሁ፤ የሂሳብ መዝገብ ነው። ሕጉ ቅን ከሳሪንና አታላይን የሚለየው በመዝገቡ ነው። ብዙ ነጋዴ ደግሞ መዝገብ የለውም፣ ወይም ሁለት አለው፤ አንዱ ለግብር፣ አንዱ ለራሱ። ሁለት መዝገብ ያለው ሰው በፍርድ ቤት ፊት አንዱንም ሊገልጥ አይችልም። የግብሩን ቢያቀርብ ለባለገንዘቦቹ ዋሸ፤ የራሱን ቢያቀርብ ለመንግሥት ዋሽቶ ኖሯል። የእኛ ሰው አንድ መዝገብ ብቻ ነበረው፤ ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ በዘይት የወዛ ደብተር። ለእኔ ከጠበቃ የሚበልጥ ሀብት ሆኖ ታየኝ።

ቀድሞ የጠየቀኝ «ልታሰር ነው?» ብሎ ነበር። ሁለተኛው ጥያቄው ግን ጥሩ ነበር፤ «ሁሉ ተሸጦ የቀረው ዕዳስ ምን ይሆናል?» ይህን ጥያቄ እያንዳንዱ ነጋዴ አቤቱታ ከመጻፉ በፊት ለጠበቃው ማቅረብ አለበት፤ የመክሰር ትርጉም ያለው እዚህ ላይ ነውና። በ1952ቱ ሕግ ሥር ንብረቱ ተሸጦ ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ ባለገንዘቦች ለቀረው ዕዳ ባለዕዳውን የመክሰስ መብታቸው ይመለስላቸው ነበር። በአሜሪካ በሰባተኛው ምዕራፍ የሚከስር ግለሰብ ግን፣ ቅን ከሆነ፣ ከአብዛኛው ዕዳው በሕግ ይፈታል፤ በእንግሊዝም በተለመደው አካሄድ ከአንድ ዓመት በኋላ ነጻ ይወጣል። በነዚያ ሀገሮች ስለ መክሰር የተጻፈ ምክር እዚህ ቃል በቃል ተተርጉሞ ሲሰራጭ ስመለከት እሰጋለሁ። ሰውየው ዕዳው የሚሰረዝለት መስሎት በገዛ እጁ ሱቁን ያስረክባል።

ስለዚህ ለነጋዴው ያቀረብሁለት ጥያቄ «ዕዳህ ስንት ነው?» የሚል አልነበረም። ዕዳውን ለጊዜው ብንረሳው ሱቁ በየወሩ ያተርፋል ወይስ ይከስራል? ካተረፈ ሱቁ ይዳን፤ አዲሱ ሕግ መልሶ ማደራጀትን ያስቀደመው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ባለገንዘብም ከሞተ ሱቅ ይልቅ ከሚኖር ሱቅ ብዙ ይቀበላል። ካላተረፈ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ወር የሚበላው ከሌሎች ሰዎች ገንዘብ ነው፤ መዝጋቱን ማዘግየት ደግነት አይደለም። ደብተሩን ሁለት ቀን አነበብን። ሱቁ ያተርፍ ነበር፤ ብዙ ባይሆንም ያተርፍ ነበር። የሚገድለው የአራጣው ወለድ ነበር፤ ያ ደግሞ ከ12 በመቶ በላይ ያለው በሕግ ፊት ሊቆም የማይችል ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ወደ ሽማግሌ የሄድነው። እዚህ የተቀመጡ አባቶች በሲዳማ የሶንጎ ሸንጎ «አፊኒ» ተባብሎ፣ ሰምታችኋልን ተባብሎ፣ ነገሩ ለሁሉ ከተሰማ በኋላ ብቻ ወደ ውሳኔ መሄድን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። የመርካቶ ነጋዴዎችም የከሰረ ባልደረባቸውን ጉዳይ በሽምግልና የሚያዩበት የቆየ ልማድ አላቸው፤ ባለገንዘቦች ተሰብስበው ከፊሉን ይተዋሉ፣ የቀረውን በጊዜ ይከፋፍላሉ። የሕግ መጽሐፋችን የመጠበቂያ ስምምነት የሚለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሽምግልናው ድክመት ግን ሁለት ነው። ያልመጣውን ሰው አያስርም፤ አንድ እንቢተኛ ባለገንዘብ ሁሉን ያፈርሰዋል። ባንክ ደግሞ ሽማግሌ ፊት አይቀመጥም፤ የቅርንጫፉ ኃላፊ ከንፈሩን ቢመጥም እንኳ ወለድ ይቅር የማለት ሥልጣን የለውም። የፍርድ ቤቱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ አብላጫው የተስማማበትን በእንቢተኛው ላይም ያጸናል። ሁለቱ ቢቀናጁ፣ ሽምግልናው ተደርጎ ፍርድ ቤቱ ቢያጸድቀው፣ ለዚህ ሀገር የሚስማማ ሥርዓት ይወጣዋል ብዬ አምናለሁ።

ለመምህርቷ ግን ይህም አይሠራም። እርሷን የሚመለከት ሕግ ያስፈልገናል የምለው ስለዚህ ነው። ፈረንሳይ የንግድ ሕጋችን አባት ሆና ሳለች፣ ኪሳራ ለነጋዴ ብቻ ይሁን ማለቱ እንደማያዋጣ አይታ በ1989 በዕዳ ለተዋጡ ተራ ግለሰቦች ልዩ ኮሚሽን አቋቁማለች። ጎረቤታችን ኬንያ በ2015 ባወጣችው ሕግ ንብረት ለሌለው ትንሽ ባለዕዳ ቀለል ያለ መንገድ ከፍታለች። እኛ የተቀበልነውን ሕግ ሰጪው ራሱ ከተወው ቆይቷል። በዚህ ላይ ብድር ዛሬ ከሱቅ ወጥቶ ወደ ስልክ ገብቷል፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ሰው ዋስ ሳይጠራ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ሌሊት አልጋው ላይ ተኝቶ ይበደራል። ተማሪዎቼ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ተቃውሞውን አልንቀውም። ዕዳ የሚሰረዝ ከሆነ ማን ያበድራል? ይህ ክብደት ያለው ጥያቄ ነው፤ በተለይ አነስተኛ አበዳሪ ተቋማት የሚሰጡት ገንዘብ የሌሎች ድሆች ቁጠባ በሚሆንበት ጊዜ። ነገር ግን በእኛ ሀገር ለደሃ የሚበደረው በሰው ዋስትና፣ አልያም በቡድን ዋስትና ነው። የማይከፈለው ዕዳ አበዳሪው ዘንድ አይቀርም፤ ወደ እኅት፣ ወደ ጎረቤት፣ ወደ ቡድኑ አባላት ይተላለፋል። ስለዚህ ዛሬም ኪሳራውን የሚሸከመው አበዳሪው አይደለም። ከቅን ዋስ የሚጠየቀው በዓመታት እንዲወሰን፣ ሲሶ ደመወዟን ለተወሰነ ጊዜ በታማኝነት ከከፈለች በኋላ እንድትፈታ ቢደረግ፣ አበዳሪው ብድር ሲሰጥ ወንድምየውን በሚገባ እንዲመረምር ያስገድደዋል እንጂ ብድርን አያጠፋም። እስከዚያው ድረስ የሰጠኋት ምክር ትንሽ ነው፤ ለአበዳሪው በጽሑፍ አመልክታ የጊዜ ሰሌዳ እንድትጠይቅ፣ የከፈለችበትን ደረሰኝ ሁሉ እንድትይዝ፣ የከፈለ ዋስ በአበዳሪው እግር ተተክቶ ዋናውን ባለዕዳ መጠየቅ ስለሚችል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ለባለቤቷ እንድትነግር። የመጨረሻው ከሁሉ ከበዳት።

ነጋዴው የባለገንዘቦቹን ዝርዝር እንዲያዘጋጅ አዘዝሁት፤ ለሽምግልናም ለፍርድ ቤትም የሚያስፈልገው እርሱ ነውና። ይዞት መጣ። ባንኩ፣ ሁለቱ አስመጪዎች፣ አራጣ አበዳሪው፣ የአክስቱ ልጅ፣ ሁሉም አሉ። ከደብተሩ ጋር ሳመሳክር አንድ ነገር ጎደለ። ከሁለት ዓመት በፊት የገባበት ዕቁብ ነበር፤ ዕጣው ቀድሞ ስለ ደረሰው ብሩን ወስዷል፣ የቀሩትን ዙሮች ግን ገና አልጣለም። ገና ላልደረሳቸው አባላት ሁሉ ባለዕዳ ነው። ለምን እንዳልጻፈው ጠየቅሁት። «መምህር፣ ዕቁቡን ከዚህ ውስጥ አያስገቡብኝ» አለ። «ባንኩም አስመጪዎቹም ከሰረ ይበሉኝ። የዕቁቡ ዳኛ ግን አባቴን የቀበሩ ሰው ናቸው፤ ለእርሳቸው ሚስቴን ወርቋን አሽጬም ቢሆን እጥላለሁ።»

ይህ የሕግ መልስ አለው፤ ሰጠሁትም። ከዝርዝሩ ውጭ ለአንዱ ብቻ ከከፈለ ያው የቼኩን ሩጫ በሌላ በር አስገባው ማለት ነው፤ ከፍርሃት ይልቅ በፍቅር መሆኑ ለአስመጪው አይታየውም። ንብረት ሸሽጎ ለመረጠው ሰው የከፈለ ባለዕዳም በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። አዳመጠኝ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ተሰናብቶኝ ወጣ። አይመለስም ብዬ ነበር።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመለሰ። ያው ዝርዝር ነው። በግርጌው በሌላ ቀለም፣ በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ፣ የዕቁቡ ስምና ያልተጣለው ዙር መጠን ተጨምሮበታል። ማን ጻፈው አልሁት። የዕቁቡ ዳኛ ራሳቸው ነበሩ።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ አባቶች ቅድሚያ ይሰጣቸው።